ስምንት ዓመት የቀደመው ጥቅል

መምህር ረዳኢ ኮምፒዩተር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ አያምኑትም እንጂ። ልዩነቱን ያስረዱን ራሳቸው ናቸው። «የጠላ ሰው አይጠጋም። እኔ ግን እጠጋለሁ፤ ተጠግቼ አያለሁ» ይሉ ነበር። እውነትም ወንበራቸውን ስበው ከፍሬወይኒ ትከሻ ኋላ ሆነው ሦስት ሴሚስተር ሙሉ አይተዋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በዓይናለም መንገድ ባለው ትምህርት ቤት የሮስተር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ሮስተር ማለት የአንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤት፣ ድምርና ደረጃ የሚሰፍርበት፣ አንሶላ የሚያክል ወረቀት ነው። አራት ባለ መስመር ወረቀት ጎን ለጎን በኮላ ይጣበቃል። አንድ መምህር ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስተኛው በካልኩሌተር ይደምራል። ከሃምሳ በታች የሆነ ውጤት በቀይ እስክሪብቶ ይገባል። መምህር ረዳኢ ያንን ቀይ እስክሪብቶ ለማንም አይሰጡም ነበር።

ፍሬወይኒ በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታስተምር አራት ዓመት የሮስተር አንባቢ ነበረች። በአንድ ሴሚስተር ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች። በአራተኛው ዓመት ድምፅዋ ጠፋ። ሐኪሙ «አትናገሪ» አላት፤ ዝም ባለችበት ሁለት ሳምንት አሰበችና ሥራውን ለማሽን ልስጥ ብላ ወሰነች። ከዚያ ማስተማሩን ለቃ ሓድነት ሰፈር ካለው ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ጥግ ያዘች።

እኔ ከፋለ እባላለሁ። ባለቤቴ ሰርካዲስ ነርስ ናት፤ ወደ መቐለ ስትዛወር እኔም ከነኮፒ ማሽኔ ከደሴ ተዛወርኩ። ኮምፒዩተር ማንም አላስተማረኝም፤ ይህን ደንበኞቼ ሳልነግራቸው ያውቁታል። ፍሬወይኒ ስትቀልድም ሳትቀልድም «ኣያ ከፋለ» ትለኛለች። እሷና መምህር ረዳኢ እኔ ስኖር በአማርኛ ያወራሉ፤ ወደ ትግርኛ ሲሻገሩ ነገሩ ከሯል ማለት ነው።

ፕሮግራሙን የጻፈችው ፓይተን በሚባል ቋንቋ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ተፈጭተው፣ ሰው የማያነበው ነገር ሆነው ነው ማሽን ውስጥ የሚገቡት። ይሄኛው ግን እንደ ደብዳቤ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የታዘዘውን ይሠራል። የተማረችው እኔ ካተምኩላት መጽሐፍ ነው። ምዕራፍ ስድስት ላይ ቶነር አልቆብኝ ስለነበር ምዕራፍ ስድስትን የምታውቀው በግምት ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን በፍላሽ ነበር የምናድለው። ስድስት ትምህርት ቤቶች፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ማሽን። እኛ ጋ የሚሠራው እነሱ ጋ አይሠራም። አንዱ ጋ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት ሌላ ፕሮግራም የለም፤ ሌላው ጋ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አምስት ቦታ ገልብጠውት የትኛው አዲሱ እንደሆነ አይታወቅም። ስሞቹ «ሮስተር አዲስ»፣ «ሮስተር አዲስ የመጨረሻ»፣ «ሮስተር የመጨረሻ ይሄ ነው» የሚሉ ነበሩ።

ከዚያ እኔ ልረዳ ተነሣሁ። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ማሽኑ ላይ ያለው ፓይተን አሮጌ ሆኖ አገኘሁት። አሮጌ ነገር ቢታደስ ማን ይከፋዋል ብዬ ነቀልኩትና አዲስ ተከልኩ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ምናሌው የለም፣ ሰዓቱ የለም፣ ከታች ያለው መስመር የለም፤ ባዶ ሰማያዊ ሜዳ ብቻ። ለካ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ስርዓት፣ ሊኑክስ የሚባለው፣ ራሱ ግማሹን የቤት ሥራውን የሚሠራው በዚያው በአሮጌው ፓይተን ኖሯል።

«ኣያ ከፋለ» አለች ፍሬወይኒ፣ «የሰው ቤት ገብተህ ምሰሶው አሮጌ ነው ብለህ ነቀልከው?»

«አዲስ ተክዬለታለሁ እኮ።»

«ጣሪያው ግን አዲሱ ላይ አላረፈም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመስኮት መግባታችንን ትተን በበር ለመግባት ተስማማን። በሩ ጥቅል ይባላል። ፕሮግራሙ፣ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ደግሞም «እኔ እንድሠራ እነዚህ እነዚህ ያስፈልጉኛል» የሚል ዝርዝር አንድ ላይ ይታሰሩና ለስርዓቱ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚጭነው፣ የሚያድሰው፣ የጎደለውን የሚያሟላው ስርዓቱ ራሱ ነው። ለፓይተን ፕሮግራሞች ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ የት እንደሚቀመጡ፣ የትኛውን ፓይተን እንደሚጠሩ፣ ሲወጡ ምን ጠርገው እንደሚወጡ። ፍሬወይኒ ክረምቱን በሙሉ ይህን ደንብ ስታጠና ከረመች። ጥቅልን የሚመረምር አንድ ፕሮግራም አለ፤ የመጀመሪያ ሥራዋን ብትሰጠው አርባ ሁለት ጉድለት ቆጠረባት።

«መምህር ረዳኢ እዚህ ውስጥ አሉ» አለች።

በጥቅምት አርባ ሁለቱ ዜሮ ሆኑ። አሁን ማንም ምንም አይገለብጥም። ፍላሹ በሚኒባስ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው መምህር ሰክቶ «አድስ» የሚለውን ይጫናል፤ አለቀ። ጥቅሉ የሚለይበት ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ዓመቱና ወሩ ነው። 2004.4 ካለ የ2004 ታኅሣሥ ነው፤ ማንም መምህር አይቶ ይረዳዋል። ማሽኑም ይረዳዋል፤ ትልቁ ቁጥር አዲሱ ነው።

በዚያው ጊዜ የዓይናለሙ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር መምህር ኣረፋይነ ትልቁን ነገር ወሰኑ። ሦስት ሴሚስተር በእጅም በማሽንም ጎን ለጎን ተሠርቷል፤ የዘንድሮው የመጀመሪያ ሴሚስተር ግን በማሽን ብቻ ይሁን አሉ። ሌሎቹ አምስት ትምህርት ቤቶች የሚያዩት የእሳቸውን ፊት ነው። ውሳኔውን ከነገሩን በኋላ ግን ጣታቸውን አነሡ።

«ካርድ የሚሰጠው ቅዳሜ የካቲት ሦስት ነው። አንድ ወላጅ፣ አንድ ብቻ፣ የልጄ ደረጃ ተሳስቷል ብሎ ይሄን በር ካንኳኳ ወደ ወረቀት እንመለሳለን። ለአንድ ሴሚስተር አይደለም፤ በቃ እንመለሳለን።»

«እሺ» አለች ፍሬወይኒ። ወረቀቱ ከተመለሰ የለቀቀችው ሥራ አይመለስም፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማክሰኞ ጥር ሃያ ዘጠኝ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ተስፋልደት ነው፤ ኮምፒዩተር የሚያስተምረውና ማሽኑን የሚይዘው ወጣት መምህር።

«ኣንቲ ፍሬ፣ የዘጠነኛ ሲን ለሙከራ አትሜ ነበር። ያቺ ጎበዟ ልጅ አሥራ አራተኛ ወጥታለች።»

«የትኛዋ?»

«ከስፖርት ነፃ የሆነችው። እግሯ ላይ ብረት ያለባት።»

ፍሬወይኒ ስልኩን ሳትዘጋ ፕሮግራሙን ከፈተች። ጥር መጀመሪያ ላይ አንድ አዲስ ነገር ጨምራ ነበር፤ ባዶ የሆነ ቦታ ሲያጋጥመው ፕሮግራሙ እንዳይቆም። እውነትም አልቆመም። ባዶውን ዜሮ ብሎ ደምሮት አለፈ። ልጅቷ በአሥር ትምህርት ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምጥታለች፤ አማካይዋ ዘጠና ሦስት ነው። ማሽኑ ግን ስፖርትን ዜሮ ብሎ ለአሥራ አንድ ሲያካፍለው ሰማንያ አራት ተኩል ሆነባት። በስድስቱ ትምህርት ቤት እንዲህ ከስፖርት ነፃ የሆኑ ሃያ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ዝለለው፣ ሲካፈልም አትቁጠረው። በግማሽ ሰዓት አዲስ ጥቅል ሠራች፤ የጥር ሁለተኛው ስለሆነ 2004.5.1። ለስድስቱም ፍላሽ አዘጋጀን፤ ወደ ውቕሮ ከተማና ወደ መቐለ ዳር ትምህርት ቤቶች በሚኒባስ ሾፌሮች እጅ ላክን። ረቡዕ ሁሉም ደወሉ።

«አድሻለሁ» አለ ተስፋልደት። «አዲስ ነገር የለም ይላል።»

«ጥሩ» አለች ፍሬወይኒ።

በእኛ ሥራ «ምንም የለም» ማለት ጥሩ ዜና ነው። ሁላችንም እንደ ጥሩ ዜና ነው የተቀበልነው።

ሐሙስ ጠዋት ለዋናው ኅትመት እኔና እሷ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። መምህር ረዳኢ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እየጠበቁን ነበር። ተስፋልደት የዘጠነኛ ሲን ካርዶች ማተም ጀመረ። አምስተኛው ካርድ ሲወጣ ፍሬወይኒ ከማተሚያው ላይ መንጭቃ ወሰደችው።

አሥራ አራተኛ።

«ይሄን አስተካክያለሁ!» አለች። ከዚያ በትግርኛ ደገመችው። ተስፋልደትም በትግርኛ መለሰላት። እኔ ወደ ጎን ቆምኩ።

መምህር ረዳኢ ካርዱን ከእጇ ተቀበሉ። መነጽራቸውን አወረዱ። ከላይ ጀምረው እስከ ታች አነበቡ፤ ማንም የማያነበውን፣ ከካርዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚታተመውን የጥቅሉን ቁጥር ጭምር።

«ጓለይ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ማሽን ካርዱን የሠራው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«አሁን ነዋ፣ መምህር።»

«2012.1 ይላል። እኛ ገና 2004 ላይ ነን። በ2012 እኔ ጡረታ ነኝ፤ ይቺ ልጅ ምናልባት አግብታለች።»

እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

ፍሬወይኒ ዞር አለች። «ኣያ ከፋለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ዘጠኝ፣ ለከተራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሷ ለጥምቀት ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ስትጣደፍ የጥር ወርን ጥቅል እንድሠራ ለእኔ ተወችው። እኔም ሠራሁት። የጥቅሉ መሣሪያ የለውጥ ዝርዝሩ ላይ ቀኑን በራሱ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጃንዋሪ 18፣ 2012። አየሁት፤ አሰብኩበት። ከላይ 2004፣ ከታች 2012 ሆኖ ሰነዱ እርስ በርሱ እንዳይጣላ ብዬ ከላይ ያለውን የጥቅሉን ቁጥርም 2012.1 አደረግሁት። በሥራዬ ጥራት ያን ቀን ትንሽ ኮርቼም ነበር።

«እና ማሽኖቹ ሁሉ» አለች ፍሬወይኒ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የ2012 ጥቅል አለኝ ብለው ተቀምጠዋል። እኔ 2004.5.1 ብዬ ስልክላቸው የስምንት ዓመት አሮጌ ነገር ነው ብለው ተዉት።»

«አዲስ ነገር የለም ያለው ለዚህ ነው» አለ ተስፋልደት።

«በትሕትና ነው የነገረን» አልኩ።

በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ ገቡ፤ ጩኸት ሰምተው ነው። ነገሩ ተነገራቸው። እኔ ጥፋቴን ልክስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

«ከእንግዲህ በፈረንጁ እንቀጥላ። 2012.2 ብንለው ይበልጣል፤ ማሽኑ ይቀበላል።»

«ከግርጌው 2012 የሚል ካርድ ላይ» አሉ መምህር ኣረፋይነ፣ «የዚህ ትምህርት ቤት ማኅተም አያርፍም።» ወጡ። በሩን ሲዘጉ ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ታዲያ በግድ እንጫነው» አልኩ። «አሮጌም ይሁን ጫን ብሎ ማዘዝ ይቻላል።»

«እዚህ ይቻላል። ውቕሮ ያሉት ከ'አድስ' ሌላ አያውቁም፤ እንዳያውቁም ነው የሠራሁት። ደግሞ በግድ ብጭነው፣ የድሮው ፍላሽ አንድ ቀን ሲሰካ ማሽኑ 2012ን አይቶ 'አዲስ መጣልኝ' ብሎ መልሶ ይጭነዋል።» ፍሬወይኒ ቁጭ አለች። «በበር የገባ በመስኮት አይወጣም፣ ኣያ ከፋለ። መውጫውም በበር መሆን አለበት።»

መምህር ረዳኢ ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። አሁን «ብያችሁ ነበር» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ኣጆኺ» ብቻ አሏት፤ አይዞሽ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ሄዱ፤ ደወሉ ተደውሎ ነበር።

ወደ ሓድነት በሚኒባስ ተመለስን። ሱቅ ስንደርስ የስርዓቱን የጥቅል ደንብ ከፈተች፤ ከስርዓቱ ጋር አብሮ የሚጫን ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከዚህ ቀደም ክረምቱን በሙሉ ስለ ፓይተን የሚለውን ክፍል ነው ያነበበችው። አሁን ስለ ቁጥር የሚለውን ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። እኔ ደንበኞች አስተናገድኩ። አንድ ሰው የልደት የምስክር ወረቀት ኮፒ አደረገ፤ ሌላው መታወቂያውን። ሰባት ሰዓት ሲሆን እንጀራ በሽሮ ልኬ አስመጣሁላት፤ ስታነብ በግራ እጇ በላች።

«ኣያ ከፋለ፣ ና እስቲ።»

ሄድኩ።

«ከቁጥሩ ፊት ሌላ ቁጥር ይደረጋል ይላል። አንድ ብሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ፣ ዛሬ የካቲት ስለገባ፣ 2004.6። ማሽኑ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን የፊተኛውን ነው። ያልተጻፈበት እንደ ዜሮ ይቆጠራል። አንድ ያለበት፣ ከኋላው ያለው ዓመት ምንም ቢሆን፣ ይበልጣል።»

«ለምን ተብሎ ተሠራ ይሄ?»

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከእንግሊዝኛው ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «ሰዎች ቁጥር ሲሰጡ የሠሩትን ስህተት ወደ ኋላ ትተው እንዲሄዱ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። የማላውቃቸው ሰዎች፣ የማላውቀው አገር ቁጭ ብለው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው እንደሚመጣ አውቀው ቦታ ትተውልኝ ነበር ማለት ነው።

«አንድ ነገር ግን አለው» አለች። «አንዴ ከተደረገ አይነሣም። ቢነሣ 2012 እንደገና ይበልጣል። ይሄ አንድ ቁጥር ሮስተር እስካለ ድረስ ከፊቱ ይኖራል።»

«ካርዱ ላይ ይታያል?»

«ካርዱ ላይ 2004.6 ብቻ ነው የሚታየው። ይሄን የሚያውቀው ማሽኑና እኛ ነን።»

«ይኑር እንግዲህ» አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቅሉን እየሠራች መብራት ሄደ። የውቕሮ የመጨረሻ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይወጣል። ተቀመጥን። ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ኣልጋነሽ ብቅ ብላ «የእናንተም ሄደ?» አለች፤ መንገዱን በሙሉ ሄዶ የእኛ የሚቀር ይመስል። ፍሬወይኒ ግን መብራት በሌለበት አንድ ነገር አደረገች። እኔ የማላደርገውን። የለውጥ ዝርዝሩን በእስክሪብቶ በወረቀት ላይ ጻፈች፤ ምን እንደተሳሳተ፣ ለምን ከፊቱ አንድ እንደመጣ። ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። የእኔን ስም ጻፈችና ሰረዘችው።

«ተይው፣ ይጻፍ» አልኳት።

«ባዶውን ዜሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የአንተ ከተጻፈ የእኔም ይጻፋል።»

ሁለታችንም ተጻፍን።

መብራት አሥር ሰዓት ከሩብ መጣ። መጀመሪያ በእኔው ማሽን ላይ ሞከረችው፤ እሱም የ2012ቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። «አድስ» ብላ ተጫነች። ማሽኑ አሰበ፤ ሁልጊዜም ትንሽ ያስባል። ከዚያ «1 ጥቅል ይታደሳል» አለ። ፍሬወይኒ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ፍላሾቹን መሰካት ጀመርኩ፤ ስለቸኮልኩ አንዱን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ሰካሁት።

ውቕሮ የሚሄደው ሾፌር ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ፍላሹን በፖስታ አድርጌ በመስኮት ስሰጠው «ምንድን ነው?» አለኝ።

«የተማሪ ደረጃ።»

«የእኔ ልጅም እዚያ ነው የሚማረው» አለና ፖስታውን ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ አልተጨነቅሁም።

ዓርብ ጠዋት ስድስቱም ደወሉ። ስድስቱም «አንድ ታድሷል» አሉ። የእኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ግን መምህር ረዳኢ ማተሚያው ፊት ቆመው አላሳትምም አሉ። «መጀመሪያ ይነበብ» አሉ።

«መምህር፣ ዘንድሮ የወረቀት ሮስተር የለም እኮ። ከምን ጋር ይነበባል?» አለ ተስፋልደት።

መምህር ረዳኢ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ተጣጥፎ ተጣጥፎ መጽሐፍ ያከለ ወረቀት አወጡና ሁለት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የዘጠነኛ ሲ ሙሉ ሮስተር፣ በእጅ፣ ከነቀዩ እስክሪብቶ።

«ዳይሬክተሩ በማሽን ብቻ ብለዋል» አለች ፍሬወይኒ።

«የትምህርት ቤቱ በማሽን ብቻ ነው። ይሄ የራሴ ነው።»

ስለዚህ እንደ ወጉ ተነበበ። ፍሬወይኒ ከስክሪኑ ታነባለች፣ እሳቸው በጣታቸው ይከተላሉ። ስድሳ አንድ ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አሥራ አንድ ትምህርት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ድምፅዋ ሃያኛው ተማሪ ላይ መሰበር ጀመረ፤ መምህር ረዳኢ ራሳቸው ተነሥተው ውኃ አመጡላት። ባለ ብረቷ ልጅ ጋ ስትደርስ፣ «ስፖርት፣ ሰረዝ። ድምር ዘጠኝ መቶ ሠላሳ። አማካይ ዘጠና ሦስት። ደረጃ ሁለተኛ» አለች። የመምህር ረዳኢ ጣት ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ሁለተኛ» አሉ። «ቀጥዪ።»

ስድሳ አንዱም ገጠመ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት።

ቅዳሜ ወላጆች መጡ። የጓሮው ሜዳ በነጭ ነጠላና በኮት ተሞላ። የክፍል ኃላፊ መምህራን ስም እየጠሩ ካርድ ይሰጣሉ፤ ወላጅ ይፈርማል፤ አንዳንዱ እዚያው ልጁን ይቆጣል፣ አንዳንዱ የልጁን ግንባር ይስማል። እኔና ፍሬወይኒ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በሩን ብቻ እናይ ነበር። መምህር ረዳኢም የሚፈልጉት ነገር ያለ ይመስል እዚያው ይንጎራደዳሉ።

አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው በሩን አንኳኳ።

ረዘም ያለ፣ የግንበኛ እጅ ያለው ሰው ነው። ካርድ ይዟል። ፍሬወይኒ እጄን ያዘችኝ። ዳይሬክተሩ ብቅ አሉ።

«ይቅርታ፣ መምህር» አለ ሰውዬው። «ስብሓት እባላለሁ። የዘጠነኛ ሲ ልጅ አባት ነኝ። የልጄ ካርድ ላይ የተሳሳተ ነገር ያለ መሰለኝ።»

ዳይሬክተሩ ወደ እኛ አዩ። እኔ እንደ ልማዴ መስኮት ፈለግሁ፤ ደጅ ስለነበርን አልተገኘም።

«ምኑ ነው የተሳሳተው?» አሉ።

«ልጄ ስፖርት አትሠራም፤ እግሯ ታማሚ ነው። ስፖርት ላይ ሰረዝ ነው ያለው። ግን ሁለተኛ ወጥታለች ይላል። ሌሎቹ ልጆች ሮጠው፣ ዘለው ነው ያመጡት። እሷ ሳትሮጥ እንዴት ከእነሱ ትበልጣለች? ኋላ ልጆቹ በደል ነው ይሏታል ብዬ ነው። ተሳስቶ ከሆነ አሁን ይታረም።»

ፍሬወይኒ ልትነሣ ስትል መምህር ረዳኢ ቀደሟት። ሰውዬውን ክንዱን ይዘው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ከኪሳቸው ሐሙስ ዕለት ያጠፉትን የተበላሸ ካርድ አውጥተው ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጽፉለት ጀመር።

«ተመልከት፣ ኣቶ ስብሓት። አሥር ትምህርት ተማረች፤ ይሄን ያህል አመጣች። ለስንት እናካፍለው? ባልተማረችው ብናካፍል እኛ ነን በዳዮቹ። ለአሥር። ስንት መጣ?»

«ዘጠና ሦስት።»

«አንደኛው ልጅ ዘጠና አራት አለው። ከእሱ በታች፣ ከሌሎቹ በላይ። ሁለተኛ። ማሽኑ በትክክል ነው የሠራው።» እርሳሱን ዘረጉለትና ጨመሩ፤ «እኔም በእጄ ሠርቼዋለሁ።»

ሰውዬው እርሳሱን ተቀብሎ ራሱ አንድ ጊዜ አካፈለው። ከዚያ ካርዱን እንደ ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ሜዳው ላይ አንዲት ልጅ በክራንች ቆማ ትጠብቀው ነበር።

ዳይሬክተሩ ከበራቸው አልተንቀሳቀሱም።

«መምህር ረዳኢ፣ ያው እኮ ወላጅ አንኳኳ» አሉ።

«ደረጃ ተሳስቷል ብሎ አይደለም» አሉ መምህር ረዳኢ። «ልክ ሆኖበት ነው የደነገጠው። እንዲህ ያለ ወላጅ በሠላሳ አንድ ዓመት አላየሁም። ይሄን ካልቆጠርን ምን እንቆጥራለን?»

መምህር ኣረፋይነ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ቢሮ ገቡ። በሩን ክፍት ተዉት። ከውስጥ ድምፃቸው መጣ። «ሁለተኛውም ሴሚስተር በማሽን ነው። ለአምስቱ ትምህርት ቤቶች እጽፋለሁ።»

ፍሬወይኒ አለቀሰች፤ ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ መምህር ረዳኢን «ምን ላድርግልዎት?» አለቻቸው።

«ያንን ባዶውን የሚዘለውን መስመር አሳዪኝ።»

ቢሮ ውስጥ ባለው ማሽን ከፈተችላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ ከትከሻዋ ኋላ ሳይሆን ከጎኗ። መነጽራቸውን አወረዱ። «ይሄ እኮ ይነበባል» አሉ፣ ሰው የደበቀባቸው ይመስል።

«ይነበባል፣ መምህር። እንግሊዝኛው ቀላል ነው።»

«ስንት ገጽ ነው ሁሉም?»

«አሥራ አንድ።»

«አትሚልኝ።»

ለሁለቱ የዕረፍት ሳምንታት ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ትምህርት ሲከፈት በሓድነት ሱቃችን በኩል መጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት። ሦስት ቦታ ላይ ስህተት ነው ብለው በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። ፍሬወይኒ እስከ ምሳ ሰዓት መረመረችው። ሁለቱ እርማቶቻቸው ልክ ነበሩ።